በክፍሎች መካከል የሚጠፋ ሥራ፦ የጋራ ፕሮጀክት ለሚያስተባብሩ

በድሬዳዋ ፋብሪካዎች ውስጥ ክፍሎች ተጣልተው ፕሮጀክት ሲበላሽ ያየሁት ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚበላሸው ተዋደው ሳሉ ነው። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ የጥገና ኃላፊው የፋይናንስ ኃላፊዋን «አንቺ» ይላታል፣ እሷም «አንተ» ትለዋለች፣ ጠዋት ፉል አብረው በልተው ነው ወደ ግቢ የገቡት። እንዲህ የሚቀራረቡ ሰዎች የሥራውን ጉዳይ ኮሪደር ላይ ይጨርሱታል። «ፓምፑ እስከ ሐሙስ ይደርሳል?» «ችግር የለም!» አለቀ። ሐሙስ ሲደርስ ፓምፑ የለም። ወይም ፓምፑ አለ፣ ግቢው በር ላይ በካርቶኑ ተቀምጧል፤ ጠያቂው ግን ተገጥሞ ውኃ ሲገፋ ለማየት ነበር የመጣው። ተንኮል የሠራ የለም፣ የሰነፈም የለም። ሥራው በሁለቱ መካከል ወድቆ ቀርቷል።

እኔ ከመጋዘን ተነስቼ ነው ወደ ፕሮጀክት ማስተባበር የገባሁት። መጋዘን የሠራ ሰው አንድ ልማድ አይለቀውም፤ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሰጠውም የተቀበለውም ይፈርማሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 ገቢውን፣ ሞዴል 22 ወጪውን ይመሰክራል፤ በግል ድርጅትም ስሙ ይለያይ እንጂ ወረቀቱ ያው ነው። ብሎን እንኳ ያለ ፊርማ በማይንቀሳቀስበት ግቢ ውስጥ የሚሊዮኖች ብር ፕሮጀክት በ«ችግር የለም» ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ማየት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ክፍሎች በየግላቸው ሥራቸውን ያውቁታል፤ ጥበቃ የሚፈልገው ርክክቡ ነው።

ለማስረዳት አንድ ሥራ ይዤ እሄዳለሁ። ፋብሪካው አዲስ የማሸጊያ ማሽን ከውጭ ይገዛል፣ በጅቡቲ በኩል ያስገባል፣ ይተክላል፣ ሥራ ያስጀምራል። ግዥ፣ ፋይናንስ፣ ጥገና፣ ምርት፣ መጋዘን፣ ሽያጭና የሰው ሀብት እጃቸውን ያስገቡበታል። የእናንተ ፕሮጀክት የሒሳብ ሶፍትዌር መቀየር ወይም ሐረር ላይ ቅርንጫፍ መክፈት ቢሆንም አካሄዱ ብዙም አይለወጥም።

ባለቤት ስጡት

የመጀመሪያው ፈተና «ኮሚቴ ይቋቋም» የሚለው ሐሳብ ነው። ኮሚቴ መኖሩ አይከፋም፤ ነገር ግን ለፕሮጀክት ብሎ እንቅልፍ ያጣ ኮሚቴ አይቼ አላውቅም። እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ከየትኛው ክፍል ይሁን? ብዙ ቦታ ለግዥ ክፍል ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሥራው የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። እኔ አልስማማም። ባለቤቱ ውጤቱን ይዞ ከሚኖረው ክፍል መውጣት አለበት። ማሽኑን ለሚቀጥሉት ዓመታት በየቀኑ የሚያስነሳው ምርት ክፍል ነው፤ ግዥ ክፍል ፋይሉን ዘግቶ ወደ ሌላ ግዥ ይሄዳል። ለሶፍትዌሩ የሒሳብ ክፍል፣ ለቅርንጫፉ ሽያጭ ባለቤት ይሁኑ። የኮምፒውተር ባለሙያው ያግዛል እንጂ አይመራም።

ከዚያ ዋና ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጻፉ። «ፕሮጀክቱን እንዲያስተባብሩ ተመድበዋል» ብሎ የሚቆም ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ማንንም ሳይጠይቅ እስከ ስንት ብር ማዘዝ እንደሚችል፣ ከየክፍሉ ማንን በሳምንት ለስንት ሰዓት መውሰድ እንደሚችል፣ የትኛውን ውሳኔ ደግሞ ለብቻው መወሰን እንደማይችል በግልጽ ይጻፍበት። የሰው ነገር በተለይ ይረሳል። ለኤሌክትሪክ ባለሙያው በየጊዜው የጥገና ኃላፊውን ደጅ የምትጠና አስተባባሪ፣ ሌላ ማሽን የተሰበረ ቀን ባለሙያውን አታገኘውም፣ ማሽን ደግሞ መሰበሩ አይቀርም። ደብዳቤው «ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የፕሮጀክቱ ነው» ካለ ግን የጥገና ኃላፊው ራሱ ሥራውን በዚያ ልክ ያደላድላል።

ክፍሎቹ በምን ይመዘናሉ?

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ግዥ ክፍል የሚመሰገነው በርካሽ ሲገዛ ነው። ምርት ክፍል የሚመሰገነው በወር ባወጣው ኩንታል ነው። ጥገና የሚወቀሰው ማሽን ሲቆም ነው። ሽያጭ ኮሚሽኑን የሚያገኘው በሸጠው ልክ ነው። ፋይናንስ ኦዲተር ሲመጣ ወረቀት እንዳይጎድልበት ይጨነቃል። እያንዳንዱ በራሱ ሚዛን ትክክል ነው። አሁን ማሽኑን አስቡት። ግዥ ክፍል ከሦስት ፕሮፎርማ (የአቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ) ዝቅተኛውን ይመርጣል፤ መለዋወጫው ከአምራቹ ዘንድ ካልሆነ የትም የማይገኝ ይሆናል። ጥገና «ማን አማከረኝ?» ይላል። ሽያጭ ማሽኑ ገና ባሕር ላይ ሳለ አዲሱን ማሸጊያ ለጅግጅጋ ነጋዴዎች ቃል ገብቶ ተመልሷል። ምርት ክፍል ለተከላው መስመሩን ሁለት ቀን አቁም ሲባል የወሩ ዕቅድ ይጎድልበታል፣ ስለዚህ «ከወሩ መጨረሻ በኋላ» ይላል። ወር ደግሞ መጨረሻ አጥቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ «ተባበሩ» ብሎ መምከር አይሠራም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን በትልቁ አሳትመው ኮሪደር ላይ የሰቀሉ ድርጅቶች አውቃለሁ፤ ከሥሩ የሚያልፉት ኃላፊዎች ግን በየወሩ የሚገመገሙት በየግላቸው ነው። ሚዛኑን ለፕሮጀክቱ ያህል ማስተካከል ይሻላል። መስመሩ ለተከላ በቆመበት ቀን የጎደለው ምርት ከምርት ክፍሉ ዕቅድ ላይ ይቀነስለት። የማሽኑ ዋጋ ሲወዳደር የአንድ ዓመት መለዋወጫ ተደምሮበት ይወዳደር። ሽያጭ ለደንበኛ የሚነግረውን ቀን ከፕሮጀክቱ ባለቤት ይውሰድ።

እነዚህን መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሥራ አስኪያጁን ማስፈረም ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ አቀርበዋለሁ፦ ዋጋ፣ ጊዜና ጥራት ሲጋጩ የትኛው ይቅደም? «ሦስቱም» የሚል መልስ አልቀበልም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው በእጃቸው እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ያቺ ግማሽ ገጽ በኋላ የምታስቀረው ክርክር ብዙ ነው። ጊዜ ይቀድማል ተብሎ ከተፈረመ ግዥ ክፍል ትንሽ ለማስቀነስ ሌላ ወር ልጠብቅ ሊል አይችልም፤ ዋጋ ይቀድማል ከተባለ ደግሞ ምርት ክፍል ስለ መዘግየቱ ግዥን አይከስም።

የርክክብ ሠንጠረዡ

ትልቅ ወረቀት ወይም የኤክሴል ገጽ ውሰዱና አምስት ዓምድ ሥሩ፦ ማን ይሰጣል፣ ለማን ይሰጣል፣ ምን ይሰጣል፣ እስከ መቼ፣ ተቀባዩ ምን አይቶ ይቀበላል። በየረድፉ የሚገባው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፈው ነገር ብቻ ነው። ጥገና ገመዱን በየት በኩል እንደሚዘረጋ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሠንጠረዡ አይመለከተውም።

አስተባባሪው ቢሮው ተቀምጦ ለብቻው የሞላው ሠንጠረዥ አይረባም። ኃላፊዎቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ይሙሉት። «ማሽኑ በሙሉ አቅሙ እያሸገ ነው» ከሚለው ተነሱ። ምርት ክፍል፣ ይህ እንዲሆን ከማን ምን ትፈልጋለህ? ተከላው ያለቀ ማሽን ከጥገና፣ የሠለጠኑ ኦፕሬተሮች ከሰው ሀብት፣ የማሸጊያ ፊልም ከመጋዘን። ጥገናስ? የመሠረቱን ንድፍ፣ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የአየር ግፊቱን መጠን። ይህን የያዘው ማን ነው? ግዥ ክፍል፣ አቅራቢው በላከው ኢሜይል አባሪ ውስጥ። ግዥ ክፍል አባሪውን ለጥገና ማስተላለፍ እንዳለበት የነገረው የለም፤ ጥገናም እንዲህ ያለ ነገር መላኩን አልሰማም። ከኋላ ወደ ፊት ስትሄዱ እንዲህ ያለው ይወጣል። ከፊት ከጀመራችሁ ግን ሁሉም የሚናገረው ስለሚሰጠው ነው፤ ምን እንደሚያስፈልገው የሚያስታውሰው ሲቸገር ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ወደ አንድ ፋብሪካ ማሽን በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። የሣጥኑ ስፋት 2.20 ሜትር፣ የምርት አዳራሹ በር 2 ሜትር። ሣጥኑ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመ፣ ግንበኛ ተጠራ፣ ግድግዳ ፈረሰ። የሣጥኑ ልክ በዕቃው ዝርዝር ላይ ተጽፎ ግዥ ክፍል ፋይል ውስጥ ነበር። የበሩን ልክ ጥገና ክፍል በቃሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኝተው አያውቁም። በነገራችን ላይ የመደበኛ ኮንቴይነር በር ስፋት 2.34 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእሱ የሚመጣ ሣጥን ከዚያ አይሰፋም፤ የአዳራሻችሁ በር ከዚያ የሚጠብ ከሆነ ጥያቄውን ዛሬውኑ ጠይቁ። በሠንጠረዡ ላይ ረድፉ እንዲህ ይሆናል፦ ግዥ ለጥገና፤ የእያንዳንዱን ሣጥን ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመትና ክብደት፤ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት፤ ጥገና ከበሩ፣ ከመተላለፊያውና ከፎርክሊፍቱ አቅም ጋር አስተያይቶ ይፈርማል።

ከአምስቱ ዓምዶች የመጨረሻው ይበልጣል። «ሥልጠና ይሰጣል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ሦስት ኦፕሬተሮች አምራቹ የላከው ባለሙያ ሳይነካላቸው ፊልም ቀይረው ማሽኑን ያስነሳሉ» ይባል። መለዋወጫ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የመጋዘን ሰው ደም ይፈላል። ኢንቮይሱ ላይ «መለዋወጫ፣ 1 ስብስብ» ተብሎ ይመጣል። መጋዘን አንድ ስብስብ ብሎ ገቢ ያደርጋል፤ ሌላ ምን ይበል? ከዚያ አንድ ሌሊት ቀበቶ ይበጠሳል። የጥገና ተረኛው ይመጣና «እህቴ፣ ቀበቶውን ስጪኝ» ይላል። መዝገቡ ላይ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። ያለው «1 ስብስብ» ነው፣ ወጪ ከተደረገም የሚወጣው ሙሉው ነው። ተረኛው ይቆጣል፣ የመጋዘን ሠራተኛዋ ትቆጣለች፣ ማሽኑ ቆሞ ያድራል። መድኃኒቱ ሁለት ረድፍ ነው። አቅራቢው ዝርዝሩን በአምራቹ የመለዋወጫ ቁጥር እንዲልክ ግዥ ውሉ ውስጥ ያስገባል። ሣጥኑ ሲከፈት ደግሞ የጥገና ሰው ከመጋዘን ሠራተኛዋ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ዕቃ ይለያል፣ ለእያንዳንዱም ቢን ካርድ (ገቢና ወጪው የሚመዘገብበት ካርድ) ይከፈታል።

የፋይናንስ ረድፎች አጭር ቢሆኑም ጊዜ ያላቸው ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ የውጭ ግዥ በጀት በብር ብቻ ተጽፎ መቀመጥ የለበትም። ፕሮፎርማው የሚያበቃበት ቀን ከጎኑ ይጻፍ፣ ግዥም ቀኑ ከማለፉ በፊት ለፋይናንስ ያስረክብ። ጊዜው ያለፈበት ፕሮፎርማ ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ሥራውን እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ተቀባዩ ካልፈረመ ሥራው አላለፈም። በነጠላ ሐዲድ ላይ የሚቀጥለው ጣቢያ መስመሩ ነፃ ነው ሳይል ባቡር አይነሳም፤ ይህን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ለተወለደች ከተማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ተቀባይ «ይህ ይጎድለዋል» ብሎ የመመለስ መብት አለው። ሆኖም የጎደለውን ለይቶ በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሰ እንደተቀበለ ይቆጠር። ይህችን ደንብ ካልጨመራችሁ ሳይቀበልም ሳይመልስም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚያሳድር ሰው አይጠፋም።

ቀን፣ ሰዓትና የአካባቢያችን ዓመት

አቅራቢው «ሜይ 8» ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ ሠራተኛ «ግንቦት 8» ብሎ ይመዘግባል። ሜይ 8 ሚያዝያ 30 ነው፤ ግንቦት 8 ደግሞ ሜይ 16። በመካከሉ ስምንት ቀን አለ፣ ያለ ክፍያ የሚቆይበት ጊዜ ያለፈበት ኮንቴይነር ደግሞ ወደብ ላይ በየቀኑ ሒሳብ ይቆጥራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ የጅቡቲው ወኪል «8 ሰዓት» ሲል የእኛን ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ የእኛ ሾፌር ግን ምሳውን በልቶ ይደርስለታል። ስለዚህ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ ከውጭ ጋር የሚያገናኝ ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ፣ ሰዓት ላይ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ይጨመርበት።

ከዚያ ዓመቱን ዘርጉት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፋይናንስን ምንም አትጠይቁ፤ በአብዛኛው ድርጅት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ መጋዘንም ለቆጠራ ስለሚዘጋ ዕቃ አይገባም፣ አይወጣም። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የጁምዓ ሰዓት ነው፤ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠዋት ይጨርስ። ረመዳን ላይ ከባድ የማንሳት ሥራ በማለዳ ይሁን። ኢድና ዓረፋ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ግራና ቀኛቸውን አንድ አንድ ቀን ክፍት ተዉ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን የቁልቢ ገብርኤል ምዕመናን ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መንገድ ይሞሉታል፤ ክሬን የጫነ መኪና በዚያ ሰሞን የደንገጎን ተራራ መንገድ አልፎ በቀጠሮው ይደርሳል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በከተማችን ያደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ዕቃ ወንዝ ዳር ባለ መጋዘን ወለል ላይ አያስቀምጥም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ አዲስ ሠራተኛ ግን ሊያስቀምጥ ስለሚችል ይጻፍለት።

ከምሳ በኋላ ስለሚጠራ ስብሰባ ብዙ አልናገርም። የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ስብሰባው

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ማሽኑ በሚተከልበት ቦታ፣ ቆመን። ወንበር ሲኖር ንግግር ይረዝማል። የሚመጣው መወሰን የሚችል ሰው ይሁን፤ «ለኃላፊዬ አቀርባለሁ» የሚል ተወካይ ከመጣ ስብሰባው አልተደረገም ማለት ነው።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ማንን እየጠበቃችሁ ነው? «ምን ሠራችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ሪፖርት ያቀርባል፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሁሉም ሠርቷል። «ማንን እየጠበቃችሁ ነው?» ስትሉ ግን ጣት ይነሳል። «መጋዘንን»፣ «ፋይናንስን»፣ «ትራንዚተሩን» (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀውን ወኪል)። ስሙ የተጠራው ሰው ቀን ይናገራል። «በቅርቡ» ቀን አይደለም። «ኢንሻአላህ» እና «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሲባል አከብራለሁ፤ ከጎናቸው ግን ቀን እንዲኖር እለምናለሁ። ቃለ ጉባኤው እዚያው በእጅ ይጻፋል፣ እዚያው ይፈረማል፤ ውሳኔና ቀን ብቻ፣ አንድ ገጽ። ሁለት ክፍሎች ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተከራከሩ ክርክራቸውን ከስብሰባው በኋላ ይጨርሱት፤ ሌላው ሰው ለምን ይቁም?

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ሕግ ያዙት። መዘግየቱን አስቀድሞ የተናገረ ሰው በሰው ፊት አይወቀስ። ግዥ ክፍል «ዕቃው በሁለት ሳምንት ይዘገያል» ብሎ ዛሬ ቢናገር ሽያጭ ለደንበኞቹ ይደውላል፣ ምርት መስመሩን አያቆምም፣ ጥገና ሰዎቹን ወደ ሌላ ሥራ ያዞራል። ሲናገር ከተጮኸበት በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፣ ሌሎቹም የሚያውቁት ዕለቱ ሲደርስ ነው።

ቴሌግራምና ደብዳቤ

የቴሌግራም ቡድን መክፈት ግድ ነው፤ ባትከፍቱት ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ችግሩ ውሳኔ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ከሠርግ ፎቶና ከበዓል መልካም ምኞት በታች፣ በአንድ ረጅም የድምፅ መልእክት ማገባደጃ ላይ «እና ደግሞ ሞተሩን በትልቁ እናድርገው» ተብሎ ይነገራል፣ ሁለት ሰው የአውራ ጣት ምልክት ያደርግበታል፣ ማንም አላዘዘውም ሁሉም አዞታል። በእኔ ቡድን ውስጥ ደንቡ ግልጽ ነው፦ ቴሌግራም ለፎቶና ለ«ደርሻለሁ» ነው። ሣጥን ከመከፈቱ በፊት የሚነሳ ፎቶ ወርቅ ነው፤ ማዕዘኑ የተሰበረ ሣጥን ለኢንሹራንስ ሲቀርብ ከምስክር ይሻላል። ውሳኔ ግን ውሳኔ መዝገብ ላይ ይወርዳል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ወሰነ፣ ለምን። «ለምን» የሚለውን አትዝለሉ። ከወራት በኋላ «ይህን ሞተር ማን አመጣብን?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ምክንያቱ ተጽፎ ከተገኘ ነገሩ በሰላም ያልፋል።

ደብዳቤ ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ ክፍል ለሌላው ደብዳቤ ጽፎ ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለኦዲት» ማለት ሲጀምር፣ ጸሐፊው መልስ እየፈለገ አይደለም፤ ለነገ ክስ ማስረጃ እያስቀመጠ ነው። የግልባጮቹ ብዛት የፕሮጀክቱን ጤና ይነግረኛል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መልስ አልጽፍም፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ተነጋግረን የተስማማንበትን በአንድ አረፍተ ነገር ውሳኔ መዝገቡ ላይ እንጽፋለን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ለውጭ ድርጅት ደብዳቤ ይጻፍ፤ ለጎረቤት ቢሮ ግን መጀመሪያ በሩ ይንኳኳ።

ሲጋጩ

ሁለት ኃላፊዎች መስማማት ካቃታቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ አብረው ይግቡ። አንዱ ብቻውን እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፤ ሥራ አስኪያጁም ብቻውን የመጣን ሰው «ባልደረባህን ይዘህ ና» ብለው እንዲመልሱት ቃል አስገቧቸው። ይዘው የሚገቡት አንድ ገጽ ነው፦ የሚስማሙበት፣ የማይስማሙበት፣ እያንዳንዱ የሚያቀርበው መፍትሔና ወጪው። ገጹን ሁለቱ አብረው ይጻፉት። ብዙ ጊዜ እየጻፉ ሳለ ይታረቃሉ፤ ካልታረቁም ሥራ አስኪያጁ የሚያዩት አንድ ጥያቄ ነው፣ የሁለት ሰዎች ቅሬታ አይደለም።

በማሽኑ ዙሪያ የሚቆሙት

ኃላፊዎቹ ሁሉ በአማርኛ ተነጋግረው ይስማማሉ፤ ማሽኑ አጠገብ ግን ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚቀላቸው ሠራተኞች ይቆማሉ። የጥንቃቄ ማስታወቂያውና የፊልም አቀያየሩ ቅደም ተከተል በሦስቱም ቋንቋ ይለጠፍ፣ ሥልጠናውም እንዲሁ ይሰጥ። ይህ የሰው ሀብት ረድፍ ነው፤ ተቀባዩ ምርት ክፍል ሲሆን፣ የሚቀበለውም ኦፕሬተሩ ሲያሠራ አይቶ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ሰዎች አትርሱ። ሥልጠና ሁልጊዜ ቀን ቀን ይሰጥና ሌሊት የሚመጡት ከጓደኛ የሰሙትን ይዘው ይሠራሉ።

ሲዘጋ

ማሽኑ ተነሳ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበተናል፤ የሚቀረው ግን ቀላል አይደለም። የተረፈው ገመድ፣ ብሎንና ቧንቧ ወደ መጋዘን ተመልሶ ገቢ ይደረግ፤ ካልሆነ ጥግ ላይ ዝጎ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ይገዛል። የመመሪያው መጽሐፍ አንድ ቅጂ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ማሽኑ አጠገብ፣ ሌላው ጥገና ቢሮ ይቀመጥ። ለኤሌክትሪክ ባለሙያው የተጻፈው የማክሰኞና የሐሙስ ምደባ በሌላ ደብዳቤ ይነሳ፤ ካልተነሳ ምርት ክፍል «የእኔ ነው» ብሎ ያስቀረዋል።

የአቅራቢው የመጨረሻ ክፍያ ደግሞ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ተይዞ ይቆይ። የሚለቀቀው ምርት ክፍል ማሽኑ በተስማሙበት ፍጥነት ለሳምንት መሥራቱን፣ ጥገና መለዋወጫውና ንድፎቹ መሟላታቸውን፣ መጋዘን በመዝገብ ያልገባ ዕቃ አለመኖሩን ሲፈርሙ ነው። ፋይናንስ የሦስቱን ፊርማ ሳያይ ቼኩን አያወጣም፣ አቅራቢው ጠዋትና ማታ ቢደውልም።